ወተቱ ነው

ማቅቫላ፣
ስምሽ እንጆሪ ማለት ነው፤ ያወጡልሽ ሰዎች እሾሁን የረሱት፣
እኔ ግን በክርኔ፣ በጉልበቴ፣ በጸጉሬ የቀመስኩት።

ካርባሽ ስመለስ ባዲሱ የገመድ መኪና ተሳፈርኩ፤
መስታወቱ እንደ ውሃ የጠራ፣ ጫፉ ላይ ፈራ ተባ እያልኩ ተቀመጥኩ።
አንዲት ኮረዳ ስልኳን እየነካካች፣ ቁልቁል አንዴ ሳታይ
ገደሉን ተሻገረችው፤ ምን ታድርግ፣ መቼ ተንጠልጥላ ቆየች ሰማይ ላይ።
እኔ ግን የድሮው ሣጥን ታየኝ፦ ዝገቱ፣ ክብ መስኮቱ፣
በወለሉ ሽንቁር የሚታየው ወንዝ፣ የማዕድን እጣቢ መጠጣቱ፣
ስሙ ጯሂ፣ መልኩ ከሰል።

ያን ክረምት መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር፤
መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሳይሰናበት፣ ሳይናገር።
አንቺ ወተት ተልከሽ፣ እኔ ላንቺ ጓደኛ፣
ተቆጣጣሪዋ ምድጃ ስር ቀርታ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት እኛ።
መሀል ላይ ስንደርስ ገመዱ ቀጥ፤
ሣጥኑ እንደ ሰካራም ሁለቴ ተንገዳግዶ ጸጥ።
ከበታች በረዶ። ከበላይ በረዶ።

"መስኮት እንካፈል" አልሽ። ከድልድዩ ወዲህ ያንቺ፣ ወዲያ የኔ፤
ሻማ የበራበት አንድ ነጥብ። አጭበረበርሽ፤ አየሁሽ በዓይኔ፣
የቤተ ስኪያኑን ፋኖስ እንደ መስኮት ስትቆጥሪ።
ዝም አልኩሽ፤ በዚያ ከፍታ ካንቺ ሌላ የለኝ ተናጋሪ።

በሦስተኛው ሰዓት ሰውነቴ ከዳኝ።
መጀመሪያ ሞቀኝ። ቀጥሎ በረደኝ።

አየሽ። አልሳቅሽም፤ አንቺ፣ ቀብር ላይ እንኳ የምትስቂ።
ሞተሩ አሳለው፣ ሣጥኑ ነቃ፣ ጣቢያው ቀረበ፣
የክፍላችን ወንዶች፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ባትሪ ይዞ የተሰበሰበ
የሰፈር ሰው ሁሉ።
ክዳኑን በጥርስሽ ነቅለሽ፣ ሁለት ሊትር ሙሉ
ጭኔ ላይ ገለበጥሽው። "ምንድነው?" ሲሉ፣
"ወተቱ ነው" አልሽ፣ "እኔ ነኝ የደፋሁት።"

እናትሽ ናዚብሮላ እዚያው ሰው ፊት በጥፊ አለችሽ፤
በጣቶቿ መሀል አየሽኝ፣ እንባ እንኳ ሳያቀርር ዓይንሽ።
ከዚያማ ዓመት ሙሉ የሒሳብ ደብተሬን ገለበጥሽ፤
በነጻ የምትሰጪው ወተት አልነበረሽ።

ኋላ ተጣላን፤ በስፌት መኪና፣ በማይረባ።
ገበያ መሀል አዋረድሽኝ፦ ሐሰተኛ፣ የሌባ ልጅ ሌባ።
ስድብ ሲያልቅብሽ ቆም አልሽ፤ ምላስሽ ጫፍ ላይ ያችን ሣጥን አየሁ።
ጠበቅሁ።
ዋጥሻት።
ሰባት ዓመት ሳንነጋገር፣ ያችን መዋጥሽን እያሰብኩ ቆየሁ።
በስምንተኛው አንድ ማሰሮ የፕሪም ድልህ ላክሽ፣
እርቅ የሚል ቃል የሌለበት፤
ሐሙስ ጠዋት ሞትሽ፣ ማሰሮሽን ሳልመልስ።

ዛሬ የማዕዱ አለቃ ዋንጫ አንስቶ "ደግ ነበረች" አለ፤
ሁሉም "ደግ ነበረች" አለ፤ እንጆሪው ያለ እሾህ ተተከለ።
አልቻልኩም። ተነሳሁ። ሃምሳ ሰው ፊት፣ ካህኑ ባለበት፣
ሽንቴን ተናዘዝኩ፣ ሰላሳ ዓመት ወተት የተባለለት።

ናዚብሮላ ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።
"ሁለት ሊትር ነበር" አለች። "ለሕፃኑ ነበር።"
ከዚያ መዳፏን ጉንጬ ላይ አሳረፈች፣ ዕዳ እንደሚከፍል፤
"ይሄ ያንቺ ነበር፤ ተቀበዪ።"
ከጠረጴዛው ጫፍ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ሳቀ።

አሁን መሀል ላይ ነኝ። መብራቱ አልጠፋም፣ ገመዱም አልቆመም።
ከድልድዩ ወዲያ የኔን ቆጠርኩ፣ ወዲህ ያንቺን፤ አላጭበረበርኩም፤
የቤተ ስኪያኑን ፋኖስ ብቻ ላንቺ ቆጠርኩልሽ።
ባንዲት መስኮት በለጥሽ።